ላፕቶፕ ለክፉ ቀን ይመረጣል፦ ለአዲሱ የዩኒቨርሲቲ መምህር የተሰጠ ምክር

ልጄ፣ ባለፈው ሳምንት ደውለህ «ጋሼ፣ ትምህርት ክፍላችን ላፕቶፕ ሊገዛልን ነው፤ የቱ ይሻላል?» አልከኝ። እኔም ስልኩን እንደያዝኩ ዝም አልኩ። ኔትወርኩ የተቋረጠ መስሎህ «ሃሎ? ሃሎ?» ስትል ሰምቼሃለሁ። ኔትወርኩ ደህና ነበር። በዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ጥገና ክፍል ሠላሳ አንድ ዓመት ያየሁት ሁሉ ባንዴ መጥቶብኝ፣ የቱን ላስቀድም ብዬ ነው። በስልክ የሚያልቅ ስላልሆነ ይኸው ጻፍኩልህ።

አውቅሃለሁ፤ ልብህ ቅን ነው፣ እጅህ ግን ይቸኩላል። ሰው ላፕቶፕ ሲገዛ የሚታየው ካርቶኑ የሚከፈትበት ቀን ነው። የእኔ ኑሮ ከሌላው ቀን ጋር ነበር። እኔ ዘንድ የሚመጣው ላፕቶፕ ቡና የጠጣ፣ ከደረጃ የወደቀ፣ ወይም የፈተና ዋዜማ አልነሳም ያለ ነው። ስለዚህ የምነግርህ ሁሉ አንድ ነገር ላይ ይቆማል፦ ላፕቶፕ ሲመረጥም ሲዘጋጅም ክፉ ቀኑ ታስቦ ነው። ደህናውን ቀን ማንኛውም ላፕቶፕ ይወጣዋል።

1. ዕቃውን ከመጥራትህ በፊት ሥራህን ጻፍ። አንድ ወረቀት አውጣና በሳምንት ውስጥ ኮምፒውተር ላይ የምትሠራውን ዘርዝር። ፈተና ማውጣት፣ ውጤት ማስገባት፣ ስላይድ ማዘጋጀት፣ ተማሪ ማማከር ከሆነ መካከለኛ ማሽን ይበቃሃል። የመጠይቅ ዳታ በኤስፒኤስኤስ ወይም በስታታ የሚተነትንም እንደዚሁ። ካርታ የሚሠራ የጂኦግራፊ መምህርና በአውቶካድ የሚነድፍ መሐንዲስ ግን የግራፊክስ ካርድና ሰፊ ራም ቢጠይቁ ቅንጦት አይባልባቸውም። አርክጂአይኤስ ፕሮ የሚሠራው ዊንዶውስ ላይ ብቻ ነው፤ ይህን ሳይጠይቅ ማክቡክ የገዛ የካርታ ሰው ቢሮዬ መጥቶ ሲያዝን አይቻለሁ። አንድ የታሪክ መምህር ደግሞ ለጌም የተሠራ ላፕቶፕ ገዛ። ቻርጀሩ ብቻ ጡብ ያክላል፤ ሦስተኛ ፎቅ ሲያመላልሰው ከርሞ በመጨረሻ ቢሮ ውስጥ ተወው። ጫማ በእግር እንጂ በዓይን አይለካም።

2. የቤቱን ትተህ የቢሮውን ያዝ። አምራቾቹ አንዱን ለቤት፣ ሌላውን ለመሥሪያ ቤት ብለው ይሠራሉ። የዴል ኢንስፓይረን፣ የኤችፒ ፓቪሊዮን፣ የሌኖቮ አይዲያፓድ የቤት ናቸው። የዴል ላቲቲዩድ፣ የኤችፒ ኤሊትቡክና ፕሮቡክ፣ የሌኖቮ ቲንክፓድ የቢሮ ናቸው። ዴል ከ2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዲሶቹን የቢሮ ማሽኖቹን «ዴል ፕሮ» ብሎ ስለሚጠራቸው ላቲቲዩድ የሚል ብታጣ አትደናገጥ። ሱቅ ውስጥ ጎን ለጎን ሲቀመጡ የቤቱ ያምራል፤ የቢሮው ጥቁርና ኮስታራ ነው። ልዩነቱ የሚታየው ገልብጠህ ስትከፍተው ነው። የቢሮውን ብሎኑን ፈታ ፈታ አድርገህ ባትሪውንም ኤስኤስዲውንም ማራገቢያውንም ታገኘዋለህ። ድርጅቶች በብዛት ስለሚገዙት፣ ሲያረጅም በብዛት ስለሚሸጡት፣ መለዋወጫው አይጠፋም። የቤቱን ኪቦርድ ለመቀየር ግን ማሽኑን ሙሉ በሙሉ ያፈረስኩበት ጊዜ ብዙ ነው። የማይጠገን ዕቃ የተከራየኸው ዕቃ ነው፤ ቀኑ ሲደርስ ይወሰድብሃል።

3. «አይ7» የሚለውን ተለጣፊ አይተህ አትርካ፤ ቁጥሩን እስከ መጨረሻው አንብብ። ይህን የተማርኩት አፍሬ ነው። አንድ ጊዜ የቴክኒክ ኮሚቴ አባል ሆኜ ስፔሲፊኬሽን ስንጽፍ «ኮር አይ7፣ 8 ጊጋ ራም» ብለን አለፍን። ጄኔሬሽኑን አልጻፍንም። ጨረታውን ያሸነፈው አቅራቢ አራተኛ ጄኔሬሽን ይዞ መጣ። ስንጮህበት የራሳችንን ወረቀት ከቦርሳው አውጥቶ፣ ማህተማችንን በጣቱ እየነካ «አይ7 አላላችሁም?» አለን። ብለናል፤ ምን ይባላል? ስለዚህ ከሰረዙ በኋላ ያለውን ቁጥር ተመልከት። አይ7-4600ዩ አራተኛ ጄኔሬሽን ነው፣ ሁለት ኮር ብቻ አለው። አይ5-8250ዩ ስምንተኛ ነው፣ አራት ኮር አለው። አይ5 የተባለው አይ7 የተባለውን ጥሎት ይሄዳል። አይ5-1135ጂ7 ካየህ ደግሞ አሥራ አንደኛ ነው። አዲሶቹ «ኮር አልትራ» የሚባሉት «አይ»ን ትተዋታል፤ እነሱንም ቢሆን ሙሉ ስማቸውን ጠይቅ። የኢንቴል ከሆነ ከስምንተኛ በታች አትውረድ፤ ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚቀበለው ከዚያ ጀምሮ ነው። ዊንዶውስ 10 ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. መደበኛ ድጋፉ አብቅቷል።

4. ራም 16፣ ኤስኤስዲ 512 በልና ጻፍ። በ8 ጊጋ ራም ይሠራል፤ ነገር ግን አሥራ አምስት ገጽ ብሮውዘር፣ ዎርድ፣ ኤክሴልና ዙም አንድ ላይ ስትከፍት መተንፈስ ያቅተዋል። አንተ ደግሞ የከፈትከውን የመዝጋት ልማድ የለህም። አዲስ ማሽን በ8 ጊጋ ከመጣ ራሙ ቦርዱ ላይ የተበየደ ነው ወይስ የሚጨመርበት ቀዳዳ አለው ብለህ ጠይቅ፤ ከተበየደ እንደመጣ ይኖራል። የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ያለው ላፕቶፕ በነፃም ቢሰጡህ ለዋና ሥራ አትያዘው። ገንዘብ ካጠረ ከፕሮሰሰሩ ቀንስ፤ ከራሙና ከኤስኤስዲው አትቀንስ።

5. ግዢውን ለሰኔ አታቆየው። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 እንደሚዘጋ አንተም ታውቃለህ፣ አቅራቢዎቹም ያውቃሉ። በሰኔ ሁለተኛ ሳምንት «በጀቱ ተመላሽ ሊሆን ነው» ተብሎ በጥድፊያ ፕሮፎርማ ሲሰበሰብ፣ የሚገዛው የሚያስፈልገው ቀርቶ በሱቁ የተገኘው ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። አንተ ጥያቄህን በጊዜ ጽፈህ ለትምህርት ክፍል ኃላፊህ ስጥ። ጄኔሬሽኑን፣ የራሙን መጠን፣ የስክሪኑን ጥራት፣ የዊንዶውሱን ዓይነት፣ የዋስትናውን ዘመን አንድ በአንድ ጻፍ። ዋስትናውን እዚሁ አገር ውስጥ የሚፈጽመው ማን እንደሆነም ይጻፍ። ውጭ አገር ድረስ ሂድ የሚል ዋስትና ለግድግዳ ጌጥ ይሆናል እንጂ ለክፉ ቀን አይሆንም።

6. መብራት እንደሚጠፋ ቆጥረህ ምረጥ። የላፕቶፕህ ባትሪ መብራት ሲሄድ ውጤት ማስገባትህን የሚያስጨርስህ ጓደኛህ ነው። ስለዚህ የፕሮሰሰሩ ስም በ«ዩ» የሚያልቅ ቢሆን ይሻልሃል፤ ትንሽ ኃይል ይበላል። በ«ኤች» የሚያልቀው ጉልበተኛ ነው፣ ግን በላተኛ ነው። ቀኑን ሙሉ ሶኬት ላይ የምትውል ከሆነ ባትሪው 80 በመቶ ላይ ሲደርስ መሙላቱን እንዲያቆም አድርገው፤ የቢሮ ላፕቶፖች ይህን ማስተካከያ አላቸው፣ ባትሪውም ዕድሜ ያገኛል። ከሁሉ የከፋው ግን መብራት የሚጠፋበት ሳይሆን የሚመጣበት ቅጽበት ነው። ሲመለስ ጉልበቱ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ያቃጠላቸውን ቻርጀሮች በካርቶን ሰብስቤ አውቃለሁ። መብራት ሲሄድ ቻርጀሩን ንቀል፤ ተመልሶ ሲረጋ ሰካ። ከዱባይ የመጣ ከሆነም ባለ ሦስት ወፍራም ጥርስ ሶኬት ይኖረዋል። በሚንቀጠቀጥ አዳፕተር ላይ አታንጠልጥለው፤ ከቻርጀሩ እስከ ግድግዳ ያለው ገመድ ብቻውን ይቀየራል፣ ዋጋውም ትንሽ ነው።

7. የምታስተምርበትን ክፍል አይተህ ቀዳዳውን ቁጠር። አዲሶቹ ቀጫጭን ላፕቶፖች ሁለት የታይፕ ሲ ቀዳዳ ይዘው ይመጣሉ። ክፍልህ ግድግዳ ላይ ያለው ፕሮጀክተር ግን ሰማያዊ ጫፍ ያለው የቪጂኤ ገመድ አንጠልጥሎ ይጠብቅሃል። ስልሳ ተማሪ ፊት ገመድ ይዞ መቆም የመጀመሪያ ቀን ክብርን ይበላል። ቢያንስ ኤችዲኤምአይና ሁለት መደበኛ የዩኤስቢ ቀዳዳ ያለው ምረጥ፤ ወደ ቪጂኤ የሚቀይር አዳፕተር ደግሞ ከቦርሳህ አይለይ። ስክሪኑ እንደ መስታወት የማያንጸባርቅ ይሁን፤ መጋረጃ የሌለው ቢሮ ደርሶህ ከሆነ ምክንያቱ ይገባሃል።

8. ያገለገለ የምትገዛ ከሆነ ወንበር ስበህ ቁጭ በል። ትምህርት ክፍሉ ባይገዛልህና ከኪስህ ብታወጣ፣ አዲስ የቤት ላፕቶፕ ከመግዛት «ስላይትሊ ዩዝድ» የተባለ የቢሮ ላፕቶፕ ይሻልሃል። ነገር ግን ቆመህ አትግዛ፤ ግማሽ ሰዓት ተቀመጥበት። ዊንዶውስ ራሱ የባትሪ ሪፖርት ያወጣል፤ ሲሠራ የነበረውንና አሁን የሚይዘውን መጠን አስተያይ። 50,000 የነበረው 30,000 ከሆነ ባትሪው አርባ በመቶውን በልቶታል፤ ዋጋው ላይ ይታሰብ። ቀጥሎ ባዮሱን ክፈት፤ የይለፍ ቃል ከጠየቀህና ሻጩ ካላወቀው ተነሥ። ዊንዶውሱ እንደ አዲስ ሲጫንና ኢንተርኔት ሲያገኝ የማታውቀው የውጭ ድርጅት ስም አውጥቶ «በሠራተኛ አድራሻህ ግባ» ካለህም ተነሥ፤ ማሽኑ ገና ከቀድሞ ጌታው መዝገብ አልተፋታም። ዴል ከሆነ ከስሩ ያለውን ሰባት ፊደልና ቁጥር የያዘ ሰርቪስ ታግ በኩባንያው ድረ ገጽ ላይ አስገባ፤ ዋስትናው መቼ እንደጀመረና መቼ እንደሚያልቅ ይነግርሃል። ሻጩ «ወንድሜ፣ አታምነኝም?» ቢል ፈገግ በልለትና ቀጥል።

9. ሞዴል 22 ላይ ከመፈረምህ በፊት ሲሪያል ቁጥሩን በዓይንህ አይተህ አመሳክር። ዕቃው ንብረት ክፍል ሲገባ በሞዴል 19 ይገባል፣ ለአንተ ሲወጣ በሞዴል 22 ይወጣል፤ ከዚያች ፊርማ በኋላ ያንተ ዕዳ ነው። ሠላሳ ላፕቶፕ ባንድ ቀን ሲታደል ካርቶኖቹ ይቀያየራሉ። ከዓመታት በኋላ ለትምህርት ውጭ ልትሄድ ክሊራንስ ስትለምን «ይሄ ያንተ አይደለም፣ ያንተ የት አለ?» የተባለ ሰው አውቃለሁ፤ በረራው ሦስት ቀን ሲቀረው ቢሮ ለቢሮ ሲዞር ነበር። ቻርጀሩም ቦርሳውም ወረቀቱ ላይ ይስፈር። የፈረምክበትን ቅጂ ፎቶ አንሥተህ አስቀምጥ።

10. በመጀመሪያው ቀን ቤቱን ጠርገህ ግባ። ማን እንደነካው የማታውቀውን ዊንዶውስ አጥፍተህ ንጹሕ ጫን። 8 ጊጋ ፍላሽ ይበቃል፤ ፋይሉን ከማይክሮሶፍት ከራሱ አውርድ። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ልንገርህ፦ ከዊንዶውስ ፕሮ ጋር የተሸጡ የቢሮ ላፕቶፖች ፈቃዳቸው አብዛኛውን ጊዜ ቦርዱ ውስጥ ተቀምጧል። ያንኑ ዓይነት መልሰህ ስትጭን ኢንተርኔት እንዳገኘ በራሱ ይነቃል። በገዛ ዕቃህ ላይ ክራክ የምትጭነው ለምንድን ነው? ከዚያ ሁለት አካውንት ክፈት። አንዱ የአስተዳዳሪ ነው፤ ፕሮግራም ስትጭን ብቻ ይከፈታል። ሌላው የዕለት ሥራህ ነው፤ ሥልጣን የለውም። በስህተት የተነካ ክፉ ፋይል ከአንተ የበለጠ ሥልጣን አይኖረውም። የዊንዶውስ ማሻሻያ በግቢው ዋይፋይ ይውረድ፤ የስልክህን ዳታ ስታጋራው ግን ግንኙነቱን «ሜተርድ» አድርገው፣ አለበለዚያ የወሩን ጥቅል በአንድ ማታ ይጨርሰዋል።

11. ክራክ የተደረገ ፕሮግራምና የማታውቀው ፍላሽ በርህን አይርገጡ። ክራኩን ለመጫን መጀመሪያ የሚሉህ «አንቲቫይረሱን አጥፋ» ነው። ዘበኛውን አስተኝተህ የምታስገባው እንግዳ ምን ዓይነት እንግዳ ነው? ለስታትስቲክስ አር፣ ለካርታ ኪውጂአይኤስ፣ ለማጣቀሻ ዞቴሮ፣ ለጽሑፍ ሊብረኦፊስ አለ፤ ሁሉም ነፃ ናቸው። የሚከፈልበት ካስፈለገህ ዩኒቨርሲቲው የገዛው ፈቃድ እንዳለ ጠይቅ። ፍላሹን ደግሞ ማተሚያ ቤት ሰክተህ ከመጣህ እንደ ጉንፋን ታማሚ ቁጠረው። ፎልደሮችህ ሁሉ ሾርትከት ሆነው ካገኘሃቸው አንዱንም አትንካ፤ መጀመሪያ አስፈትሽ። ቫይረሱ ከገባ በኋላ አንቲቫይረስ ፍለጋ መሮጥ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

12. ዲስኩን ቆልፍ፤ ቁልፉን ግን ከበሩ ጋር አታስቀምጥ። ላፕቶፕህ ከታክሲ ላይ ቢጠፋ ዕቃው ያሳዝናል፤ የበለጠ የሚያሳስበው በውስጡ ያለው የተማሪዎች ስም፣ ውጤትና የሕክምና ማስረጃ ነው። የይለፍ ቃል ብቻውን አይከላከልም፤ ሌባው ኤስኤስዲውን ነቅሎ ሌላ ማሽን ላይ ቢሰካው ሁሉም ይነበባል። ዊንዶውስ ፕሮ ላይ ቢትሎከርን አብራው። ያኔ 48 አሃዝ ያለው የመክፈቻ ቁጥር ይሰጥሃል። አትመውና ቤትህ ከዲግሪህ ጋር አስቀምጠው፤ ቦርሳህ ውስጥም፣ እዚያው ላፕቶፕ ላይም አይሁን። ባዮስ ሲታደስ ወይም ቦርዱ ሲቀየር ማሽኑ ይህን ቁጥር ሊጠይቅህ ይችላል፤ ከሌለህ እኔም ሆንኩ ሌላ ባለሙያ አንከፍትልህም። ይህ ጥንቃቄ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ እንዳይመስልህ፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የሰው መረጃ መያዝ በሕግም ኃላፊነት ነው።

13. ሥራህን ሦስት ቦታ አስቀምጥ፤ አንዱ ከቤትህም ከቢሮህም ውጭ ይሁን። እዚህ ላይ ቆም ብለህ አንብበኝ። አንድ ቀን ከምሳ በፊት አንድ መምህር ላፕቶፑን በሹራቡ ጠቅልሎ፣ ሕፃን እንደታመመበት ሰው አቅፎት መጣ። ሳበራው ከውስጥ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል፤ ጸጥ ባለ ክፍል እንደሚሰማ የግድግዳ ሰዓት። ያ ድምፅ የሃርድ ዲስኩ ማንበቢያ ክንድ ቦታው ጠፍቶበት ሲዳብስ የሚያሰማው ነው። ለዶክትሬቱ አራት ዓመት ገጠር ለገጠር ዞሮ የቀዳው ቃለ መጠይቅ እዚያ ነበር። «ሌላ ቅጂ አለህ?» አልኩት። ፊቱ በራ። «አለኝ!» አለ፤ «ዲ ላይ ገልብጬዋለሁ።» ልጄ፣ ሲ እና ዲ አንድ እንጀራ ላይ በጣት የተሰመረ መስመር ናቸው። እንጀራው አመድ ላይ ሲወድቅ ከመስመሩ ወዲያ ያለው አይተርፍም። ይህን ለእሱ ማስረዳት በሥራ ዘመኔ ከከበዱኝ ነገሮች አንዱ ነው። ኤስኤስዲ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ቀጭ እንኳ አይልም፤ ማታ ደህና አድሮ ጠዋት የለም። ስለዚህ አንዱ ቅጂ ላፕቶፑ ላይ፣ ሁለተኛው በውጫዊ ሃርድ ዲስክ፣ ሦስተኛው ዩኒቨርሲቲው በሰጠህ የኢንተርኔት ማከማቻ ወይም ሌላ ከተማ ባለ ዘመድ ቤት ይሁን። በሳምንት አንድ ቀን ምረጥ፣ ሰኞ ማታ በለው፣ አትዝለል። በወር አንድ ጊዜ ከቅጂው አንድ ፋይል ከፍተህ አንብብ፤ ያልተከፈተ ቅጂ ተስፋ እንጂ ንብረት አይደለም። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።

14. ግዕዙን አስቀድመህ አስተካክል። የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ውስጥ ገብቷል፤ ከዚያ በፊት በየሶፍትዌሩ ቤት የተሠሩ ፎንቶች ግን እርስ በርስ አይግባቡም። በእነሱ የተጻፈ የድሮ ሰነድ ዛሬ ሲከፈት የላቲን ፊደል ትርምስ ይሆናል። አንተ አዲስ ሰነድ በዩኒኮድ ብቻ ጻፍ። የአማርኛ ኪቦርድ ከዊንዶውሱ የቋንቋ ማስተካከያ ውስጥ ይጨመራል። ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር የመጣው ኒያላ ፎንትም ዛሬ በራሱ ስለማይጫን ከተጨማሪ አማራጮች ውስጥ አንተ ታወርደዋለህ። ፈተና ስታሳትም ግን ሁልጊዜ በፒዲኤፍ ላክ። አንድ የአማርኛ ፈተና ከማባዣ ክፍል ሲወጣ ፊደሉ ሁሉ ባዶ ሣጥን ሆኖ ነበር፤ የማባዣው ኮምፒውተር ፎንቱ አልነበረውም። ተማሪዎቹ ሣጥኖቹን እየቆጠሩ ሲስቁ መምህሩ በሩ ላይ ቆሞ ላብ ያጠምቀው ነበር።

15. ዕቃውን እንደ ዕቃ ያዘው። አልጋ ላይ ብርድ ልብስ ላይ አስቀምጠህ አትሥራ፤ የሚተነፍስበት ከስሩ ነው። በበጋ አቧራው ማራገቢያውን ይደፍነዋል፤ በዓመት አንድ ጊዜ አስከፍተህ አስጠርገው። ማኪያቶህን ከላፕቶፑ በስተቀኝ ሳይሆን ሌላ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጥ። ከፈሰሰ ደግሞ ወዲያው አጥፋ፣ ቻርጀሩን ንቀል፣ ገልብጠህ አቁመው፤ «ይሠራ እንደሆነ ልየው» ብለህ አታብራ። ውሃው ያልገደለውን ማሽን ባለቤቱ ሲያበራው ይገድለዋል። ስኳሩ ደግሞ ከውሃው የባሰ ነው።

16. ስትመልስ ባዶ አድርገህ መልስ። ዕድገት አግኝተህ ወይም ሥራ ቀይረህ ላፕቶፑን ለንብረት ክፍል የምታስረክብበት ቀን ይመጣል። ሥራህን ገልብጠህ አውጣ፣ ከአካውንቶችህ ሁሉ ውጣ፣ ከዚያ ዲስኩን ሙሉ በሙሉ አጽዳ። ሪሳይክል ቢን ባዶ ማድረግ ማጽዳት አይባልም። አንድ ጊዜ ለአዲስ ሠራተኛ ልሰጥ የከፈትኩት ላፕቶፕ ውስጥ የቀድሞው ባለቤት የሦስት ዓመት ውጤት፣ የባንክ ደብተሩ ፎቶና ለሚስቱ የጻፈው የይቅርታ ደብዳቤ ነበር። አላነበብኩትም፤ የመጀመሪያዋን መስመር ካየሁ በኋላ ዘጋሁት። ሌላው ሰው ይዘጋው እንደሆነ ግን ማን ያውቃል?

ይኸው ነው ልጄ። ሁሉንም ባንድ ቀን አትችለውም፤ ስፔሲፊኬሽኑን ዛሬ ጻፍ፣ የቀረውን ላፕቶፑ እጅህ ሲገባ ወረቀቴን ይዘህ አንድ በአንድ ተወጣው። ክፉው ቀን አይቀርም። ያን ቀን «ጋሼ፣ ላፕቶፔ ሞተ» ብለህ እንደምትደውልልኝም አውቃለሁ፤ ደውል፣ ጡረታ ብወጣም ስልኬን አነሣለሁ። የምጠይቅህ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ «ሌላው ቅጂ የት አለ?» መልስህ «ዲ ላይ» ከሆነና እኔ ዝም ካልኩ፣ ያን ጊዜም ኔትወርኩ እንዳይመስልህ።